ድመታችሁን መስኮት ላይ እንደ ድሮ ፎቶ አድርጎ ማንሳት

እናቴ አልበም ውስጥ አንዲት ፎቶ አለች። ጥቁርና ነጭ ናት። የመዳፍ ግማሽ ታክላለች፤ ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል። አክስቴ የእንጨት መስኮት ደፍ ላይ ክንዷን አስደግፋ ቆማለች። አጠገቧ አንዲት ድመት ወደ ውጭ ታያለች። የድመቷ ጭራ ሁለት ነው። ፎቶው ሲነሳ አወዛውዛው ሁለት ቦታ ታትሟል። ከጀርባው በእርሳስ «ጥር 1964» ይላል።

ይህቺን ፎቶ በእኔ ድመት ልድገማት ብዬ ተነሳሁ። ድመቴ ብርቱኬ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ቀለሟ ነው። (ጎረቤታችን እትዬ ብርቱካን እንዳይቀየሙ እናቴ እስከ ዛሬ «ውሮ» ብላ ነው የምትጠራት።) በመጀመሪያው ቀን ስልኬን አወጣሁ፣ አነሳኋት፣ «ቪንቴጅ» የሚል ፊልተር ጫንኩበት። የወጣው ቡና የተደፋበት የዛሬ ፎቶ ነበር። ከኋላዋ የሞባይል ቻርጀር ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ለፋሁበት። የገባኝ ነገር ቢኖር ፊልተር መጨረሻ ላይ የሚቀባ ቅባት መሆኑ ነው። ድሮነቱ የሚሠራው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ በብርሃኑ፣ ፍሬም ውስጥ ባለው ዕቃ፣ በድመቷ ጊዜ። መንገዱን ከነስህተቴ እነሆ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ድሮ?

«ድሮ» አንድ አይደለም። ይህን ሳትወስኑ ከጀመራችሁ ፎቶው ከየዘመኑ ቁራጭ የተሰፋ ድሪቶ ይሆናል። እኔ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ።

አንደኛው የጥንቱ ነው። የምኒልክን ዘመን ፎቶዎች አስቡ። የዚያን ጊዜ የፎቶ መስታወትና ፊልም ቀይ ብርሃንን አያይም ነበር ማለት ይቻላል። ሰማያዊን ግን አብዝቶ ያያል። ስለዚህ ሰማዩ ነጭ ይወጣል፣ ቀይና ብርቱካናማ ነገር ይጠቁራል። ፎቶ አጣቢዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት የሚሠሩትም ለዚሁ ነው፤ ወረቀቱ ቀዩን ስለማያየው አይቃጠልም። ብርቱኬ በዚያ ዘመን ብትነሳ ኖሮ ጥቁር ለመምሰል ትንሽ ነበር የሚቀራት። ይህን ያዙልኝ፤ ኤዲት ላይ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው የአክስቴ ፎቶ ዘመን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹና 60ዎቹ። ጥቁርና ነጭ፣ ለስላሳ ግራጫ የበዛበት፣ ነጭ ጠርዝ ያለው። ብዙ ጊዜ አራቱም ጎን እኩል ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጊዜው በብዛት ከሚሠራባቸው ካሜራዎች ብዙዎቹ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር ኔጋቲቭ ነበር የሚያወጡት።

ሦስተኛው ከለር ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ አልበሞቻችንን የሞላው። ዛሬ ስታወጡት ቀላ ብሏል አይደል? ከለር ፎቶ ሦስት ቀለሞች ተደራርበው ነው የሚሠሩት። በዚያን ጊዜው ወረቀት ላይ፣ አልበም ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ሲያን የሚባለው አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ነው። እሱ ሲሄድ ቀዩ ብቻውን ይቀራል።

ቡናማውስ የምትሉ አትጠፉም። ሰፒያን ብዙ ሰው እርጅና ነው ይለዋል። በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ በራሱ ጊዜ ቡናማ የሚሆን ፎቶ አለ፣ እውነት ነው። አብዛኛው ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነበር። ፎቶው ላይ ያለውን ብር ወደ ብር ሰልፋይድ የሚቀይር ኬሚካል ውስጥ ይነክሩታል፤ ቀለሙ ቡናማ ይሆናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቡናማው ፎቶ እንዲያውም የተጠነቀቁለት ነው።

እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። ለሌሎቹም በየቦታው ጣል አደርጋለሁ።

በነገራችን ላይ ድመት ማንሳት የኢንተርኔት ዘመን ልክፍት አይደለም። ሃሪ ፖይንተር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ብራይተን ከተማ ውስጥ ድመቶችን ሻይ ሲጠጡ አስመስሎ ሳይቀር ያነሳ፣ ካርድ እያደረገም ይሸጥ ነበር። እናቴ «ሥራ ፈት» ስትለኝ የምጠቅሰው እሱን ነው።

መስኮቱ

ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። ለንደን ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነች። የሰሜኑን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ ስለማያገኘው ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ቶሎም አይለዋወጥም። የድሮ የአውሮፓ ስቱዲዮዎች ትልልቅ መስታወታቸውን ወደ ሰሜን ያዞሩት ለዚህ ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያላችሁም ይህንኑ ምክር ያዙ።

አዲስ አበባ ላይ ግን ምክሩ ለአራት ወር ተኩል ያህል ይገለበጣል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ የተነሳ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። እኔ ይህን ሳላውቅ ግንቦት ላይ የሰሜኑን መስኮት ይዤ ቀረሁ። ብርቱኬ ግማሽ ፊቷ ነጭ ወረቀት፣ ግማሹ ከሰል ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ከመስከረም እስከ መጋቢት የሰሜኑን፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የደቡቡን መስኮት ሞክሩ። ሐምሌ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ደመናው ራሱ ትልቅ መጋረጃ ነው።

ያላችሁ አንድ መስኮት ብቻ ከሆነና ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ከሆነ ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ተኩል ወዲህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ጥላዋ እንደ ምላጭ ነው፤ ለዚህ ሥራ አትሆንም።

ነጠላና ጋቢ

ፎቶ አንሺዎች ብርሃን ማለስለሻና ብርሃን መላሽ የሚሏቸው ዕቃዎች አሉ፤ በገንዘብ ይገዛሉ። እኛ ቤት ሁለቱም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ነጠላውን መስኮቱ ላይ ዘርጉት። ስስ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ስለታሙን ጥላ ይሰብረዋል። አንድ ጥንቃቄ፦ ጥለቱ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ እንዳይሆን። የእናቴን አረንጓዴ ጥለት ሳላስተውል ሰቅዬ ድመቷ ጀርባ ላይ ሰንበር የመሰለ ጥላ ወደቀ። ጥለቱን ወደ ጎን አውጡት ወይም ወደ ታች እጠፉት። ነጠላው ራሱ በፎቶው ውስጥ መታየት የለበትም፤ የመስኮቱን የላይኛውን ክፍል ብቻ ሸፍኖ፣ ድመቷ የምታይበት የታችኛው ክፍል ክፍት ይሁን።

ጋቢው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ብርሃን ይመልሳል። ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል፣ ከድመቷ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንበር ላይ አንጠልጥሉት። የጠቆረው የፊቷ ጎን ትንሽ ይፈካል። ቀረብ ስታደርጉት ይበልጥ ይፈካል፣ ስታርቁት ይጠቁራል። እኔ መጀመሪያ ያለ ጋቢ አንስታችሁ እዩት እላለሁ። የድሮ ፎቶ ግርማ ግማሹ ያ የጠቆረው ጎን ነው፤ ሁሉ ነገር ሲበራ መታወቂያ ፎቶ ይመስላል። ጋቢው የሚያስፈልገው ዓይኗ ጨለማ ውስጥ ከጠፋ ብቻ ነው።

ርቀትም አለ። የመስኮት ብርሃን ከመስኮቱ ስትርቁ ቶሎ ይደክማል። ድመቷ ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር ውስጥ ብትሆን፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ደግሞ ሁለት ሜትር ከዚያም በላይ ቢርቅ፣ ግድግዳው በራሱ ይጨልማል። ፍሪጁም፣ የሶፋው ጨርቅም፣ የግድግዳው ቀለም መላላጥም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ዕቃ ከማንሳት ያድናችኋል።

ዘመኑን የሚያጋልጡ ነገሮች

አሁን ስልካችሁን ያዙና ባዶውን መስኮት አንሱ። ድመቷ የለችም። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ቻርጀር፣ ሶኬት፣ የዲሽ ገመድ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ውጭ ያለው የጎረቤት የዲሽ ሳህን። በዓይናችን ለምደነው የማናየው ሁሉ እዚያ አለ። አንዱ ብቻ በቂ ነው ሥራውን ገደል ለመክተት።

የእንጨት ወይም የድሮ ብረት መስኮት ያላችሁ ታድላችኋል። አሮጌ ቀለሙ የተላላጠ ከሆነ እንዳትቀቡት! ኮንዶሚኒየም ያለን ደግሞ ተንሸራታች አሉሚኒየም ነው ያለን። መድኃኒቱ ዳንቴል ነው። ቴሌቪዥን ላይ፣ ሬዲዮ ላይ፣ ሶፋ ራስጌ ላይ ይደረግ የነበረው ያ በእጅ የተሠራ ዳንቴል። እናቴ ሁለት ካርቶን ሙሉ አላት። አንዱን በአሉሚኒየሙ በኩል እንደ መጋረጃ ሰቀልኩት፣ አንዱን ደፉ ላይ አነጠፍኩ። መስኮቱ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ዕቃ ካስፈለገ አንድ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። አሮጌ ሬዲዮ፣ የቡና ስኒ፣ ጣሳ ላይ የበቀለ አበባ። እኔ ጤና አዳም የተተከለበት የዘይት ጣሳ አስቀመጥኩ፤ ጣሳው ዝጓል፣ በጣም ያምራል። ብርቱኬ ግን አንዴ አሸተተችውና ፊቷን አዙራ ወረደች። ሽታውን ጠልታዋለች። ጣሳው በጌራንየም ተተካ፤ እሱንም የሚያኝክ ድመት ያላችሁ ተዉት፣ ሆዷን ያውካታል። አበባ ስትመርጡ በተለይ ከሊሊ ራቁ። ሊሊ ለድመት ክፉ መርዝ ነው፤ ብናኙ እንኳ ኩላሊቷን ሊገድለው ይችላል።

የድመቷን ጉሮሮ ተመልከቱ። የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ማሰሪያ ካላት አውልቁት።

ድመቷ

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። ተረቱ ለሌላ ነገር ቢሆንም ለፎቶ አንሺ ትልቅ ዜና ነው፤ አመሏን ካወቃችሁ ሥራው አለቀ። ሁለት ሦስት ቀን ካሜራ ሳትይዙ ተከታተሏት። በስንት ሰዓት ነው መስኮት ላይ የምትወጣው? በየትኛው ጎን ትቀመጣለች? ብርቱኬ ጠዋት በልታ እንደጨረሰች ትወጣና ፊቷን ትታጠባለች፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ወፍ ታያለች፣ ከዚያ ትተኛለች። የእኔ ጊዜ ያቺ ሩብ ሰዓት ናት። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ይበልጥ ንቁ የምትሆነው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ደግነቱ ጥሩ ብርሃንም ያኔ ነው ያለው።

ተሸክማችሁ አታስቀምጧት። ያስቀመጧት ድመት ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጭራዋ ይገረፋል፣ ፎቶው ላይ ቅሬታዋ ይነበባል። ይልቅ የምትወደውን ጨርቅ ደፉ ላይ አድርጉላት። እህል ቢጤ ከመስኮቱ ውጭ በትኑ፤ ዋኔና ድንቢጥ ሲመጣ ራሷ ትወጣለች። ያን ጊዜ አንገቷ ይረዝማል፣ ጺሟ ወደ ፊት ይሳባል።

ወደ እናንተ እንድታይ ከፈለጋችሁ ድምፅ ተጠቀሙ። ወረቀት ማንኮሻኮሽ፣ በጥፍር ብረት መቧጠጥ። ያው ድምፅ ግን ከሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም፤ ትንቃችኋለች። «ውሮ ውሮ» ማለት እኔ ጋ ፈጽሞ አልሠራም፤ የመጣችው እናቴ ስትጠራት ብቻ ነው። የምትሸልሟት ከሆነ ቅመም የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ቋንጣ አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው። ወተትም ቢሆን ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ሆዳቸውን ያውካል።

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ መስኮቱ ዝግ ይሁን፣ ወይም ጠንካራ ወንፊት ይኑረው። ወፍ ያየች ድመት ከፍታ አትቆጥርም።

ዓይኗን በተመለከተ፦ ኃይለኛ ብርሃን ላይ ብሌኗ እንደ ክር ይቀጥናል። ለስላሳ ብርሃን ላይ ክብ ይሆናል። ክቡ ለድሮ ፎቶ ይስማማል፤ ነጠላው እዚህም ይጠቅማል። ፍላሽ ግን በጭራሽ። ከዓይኗ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ዓይኗ አረንጓዴ አምፖል ይሆናል። መስታወቱም ፍላሹን መልሶ እናንተው ላይ ይተፋዋል።

ስልክ ወይም ካሜራ

በስልክ የምታነሱ፣ መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። ቀልድ አይደለም፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ በጣት ቅባት ተሸፍኗል። የክፍሉን አምፖል አጥፉ። ኤችዲአር (HDR) የሚለውን ማጥፋት የሚቻል ከሆነ አጥፉት፤ ጥላውን ሁሉ እያበራ ያንን ግርማ ይገድለዋል። ከጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድንም ተዉት፤ ጺምና የጆሮ ፀጉር እየቆረጠ ይጥላል። ቅርብ ሆናችሁ በሰፊው ሌንስ ከማንሳት ሁለት እጥፍ አቅርባችሁ ትንሽ ራቅ በሉ፣ አለዚያ አፍንጫዋ ከፊቷ ይቀድማል። ፊቷ ላይ ተጫኑና እስኪቆልፍ ያዙት፤ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ዝቅ አድርጉ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ነገር ነጭ ሆኖ ቢጠፋ አትዘኑ። የድሮ ፎቶ ላይም እንዲሁ ነው።

ካሜራ ያላችሁ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከ2.8 እስከ 4፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ400 እስከ 800 ብላችሁ ጀምሩ። ከቻላችሁ ሮው (RAW) በሚባለው፣ ካሜራው ባላቀናበረው ፋይል አንሱ።

ካሜራ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይወዳል። ጥቁር ድመት ካላችሁ አመድማ ያደርጋታል፤ ብርሃኑን ቀንሱ። ነጭ ድመት ካላችሁ ያቆሽሻታል፤ ጨምሩ።

አቋማችሁን አስተካክሉ። ካሜራው ከድመቷ ዓይን እኩል ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ድመት የስልክ ፎቶ ነው፣ አለቀ። ተንበርከኩ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ድመቷ ጥላ ብቻ ትሆናለች። ከጀርባችሁ ከሆነ ፊቷ ጠፍጣፋ ይሆናል። ግድግዳውን ታክካችሁ መስኮቱን በሰያፍ ስታዩት ብርሃኑ በጎኗ ያልፋል፤ ፀጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መስታወቱ ላይ የራሳችሁ ምስል ከታየ ጥቁር ልብስ ልበሱ፣ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን።

አሁን ወደዚያ ሁለት ጭራ። የአክስቴ ፎቶ ላይ ያለው እንቅስቃሴ የመጣው ሹተሩ ለጭራ ፍጥነት ስላልደረሰ ነው። ይህን ማስመሰል ይቻላል። ካሜራውን ወይም ስልኩን መጽሐፍ ደርባችሁ አስቀምጡት፤ በእጅ አይሆንም። ሹተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ አውርዱ፤ ስልክ ላይ «ፕሮ» የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ወፏን ስታይ ጭንቅላቷ ይደርቃል፣ ጭራዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ደጋግማችሁ ተኩሱ። እኔ ስልሳ ምናምን አንስቼ አራት ወጣልኝ። ከአራቱ በአንዱ ጭራዋ ጭስ መስሏል። አይፎን ያላችሁ ላይቭ ፎቶ አንስታችሁ በኋላ «ሎንግ ኤክስፖዠር» የሚለውን ብትመርጡም ቀረብ ያለ ነገር ይሰጣችኋል።

አንድ የቆየ ዘዴ ልጨምር። የድሮ ሌንሶች ብርሃን ሲመታቸው ጭጋግ ያዝ ያደርጋቸዋል። ቀጭን የናይለን ስቶኪንግ ሌንሱ ላይ ወጥራችሁ ብታነሱ መስኮቱ ዙሪያ ስስ ጭጋግ ይወጣል። ቫዝሊን የሚቀቡም አሉ፤ ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ እንዳትቀቡ። እኔ ትንፋሼን ሌንሱ ላይ እፍ እልና ሊጠፋ ሲል አነሳለሁ። ምንም አያስወጣም።

ኤዲት

ዋናውን ፎቶ አስቀምጡና ቅጂው ላይ ሥሩ። እኔ የምጠቀመው ስናፕሲድ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ አፕ ነው፤ ነጻ ነው። ላይትሩም የሚባለውም ይሆናል። ቁጥሮቼ መነሻ ናቸው፤ ዓይናችሁን እመኑ።

በመጀመሪያ እኩል አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩ። እዚህ ጋ ነው ዘመን የሚለየው። ለ1960ዎቹ ገለልተኛውን ተዉት። ለምኒልክ ዘመን ሰማያዊውን የቀለም ፊልተር ምረጡ። ብርቱኬ ወዲያው ጠቆረች፤ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ላይትሩም ላይ ቀይና ብርቱካንማውን ወደ 50 ቀንሱ፣ ሰማያዊውን ወደ 30 ጨምሩ።

ቀጥሎ ከርቭ፤ ጥቁሩንና ነጩን የምታስተካክሉበት ሰያፍ መስመር። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የመስመሩን የታችኛውን ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ አንሱት፣ የላይኛውን በትንሹ ወደ ታች። ጥቁሩ ጥቁር ግራጫ ይሆናል፣ ነጩ የአሮጌ ወረቀት ነጭ ይሆናል። ፎቶው ያኔ ይተነፍሳል። ብዙ ካነሳችሁት ደግሞ በሻሽ የተሸፈነ ይመስላል።

ጥራቱን ቀንሱ። የዛሬ ስልክ ፀጉሩን እንደ መርፌ አድርጎ ይስለዋል። ስትራክቸር ወይም ክላሪቲ የሚለውን ከ10 እስከ 20 አውርዱት። ከዚያ ግሬይን (የድሮ ፊልም ደቃቅ ነጠብጣብ) ጨምሩ፤ 20 አካባቢ። ግሬይኑ ግራጫው ቦታ ላይ እንዲታይ እንጂ ነጩ መስኮት ላይ አሸዋ እንዲመስል አትፈልጉም። ጠርዞቹን በትንሹ አጨልሙ።

ቀለም መስጠት ከፈለጋችሁ ጥላው ላይ ለስለስ ያለ ቡናማ፣ ብርሃኑ ላይ ክሬም፣ ሁለቱንም ከ10 በማይበልጥ መጠን። «ሰፒያ 100» የሚለው ነገር ነው ሰዉን ሁሉ የሚያጋልጠው። ለደርግ ዘመኑ ከለር ደግሞ ጥቁርና ነጭ አታድርጉት። ጥላው ላይ ቀይ ጨምሩ፣ ነጩን አብጫጩት፣ ንጽጽሩን ቀንሱ።

የተዘጋጁ የጭረትና የቁሻሻ ምስሎችን ፎቶ ላይ መደረብ ይቻላል። እኔ አልወደውም። ጭረቱ ከሌላ ሰው ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ጭረት ከፈለጋችሁ አትሙትና ለሳምንት ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ማተምና በረካ

ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። ማሽኑ «አስተካክሎ» ሰጠኝ፦ ቢጫውን አጥፍቶ፣ ጥቁሩን አጥቁሮ፣ ጭጋጉን ጠርጎ። የሦስት ሳምንት ሥራ በሁለት ደቂቃ ታጠበ። ስለዚህ ስትሰጡ «ምንም ማስተካከያ አይደረግበት» በሉ፣ አንድ አስቀድማችሁ አሳትማችሁ እዩ። ወረቀቱ የማያብለጨልጭ ይሁን። 10 በ15 ላይ 9 በ9 አድርጋችሁ፣ ዙሪያውን ነጭ ተዉና ትርፉን ቁረጡ። ለጠርዙ ልብስ ሰፊዎች ጋ ያለው ዚግዛግ መቀስ አለ። የድሮውን አይተካከልም፤ ከሩቅ ግን ይሸውዳል።

ወረቀቱ ራሱ እንዲያረጅ የምትፈልጉ ቡና አለ። የፎቶ ወረቀት ላይ ግን አይሠራም፤ ፕላስቲክ ስለተቀባ አይጠጣም። ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመም በአብዛኛው ይለቃል። ወፈር ባለ ተራ ወረቀት ላይ በሌዘር ፕሪንተር አትሙ፤ የሌዘር ቀለም በሙቀት የተጣበቀ ዱቄት ስለሆነ ውኃ አያስለቅቀውም። አቦሉን ጠጡት፤ ለዚህ በረካው ይበቃል። አቀዝቅዛችሁ አጥሉትና ትሪ ላይ አፍስሱ። ወረቀቱን አስተኝታችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ አንስታችሁ በጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ጠርዙ ላይ ቡናው ይሰበሰባል፣ እዚያ ጠቆር ይላል፤ ያ ነው የሚያምረው። ግማሽ እርጥብ እያለ በሁለት ጨርቅ መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ አለዚያ ይጠቀለላል። ከጀርባው የምትጽፉ ከሆነ ሲደርቅ፣ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪፕቶ ተጭኖ በፊት ለፊቱ ያብጣል።

ትሪውንም ክደኑ። ካፌይን ለድመት መርዝ ነው። እኔ ስልክ ላነሳ ዞር ስል ብርቱኬ መዳፏን በረካው ውስጥ ነከረችና ሊደርቅ በተዘረጋው ፎቶ ላይ አለፈች። እሷን ይዤ እግሯን ሳጥብ ቆየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልላሰችውም። ከአምስቱ ፎቶ አንዱ ላይ፣ ከነጩ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ዳንቴሉ፣ ሦስት ቡናማ ዱካ አለ። እናቴ ከአክስቴ ፎቶ አጠገብ የለጠፈችው ያቺኛዋን ነው።